ልቡና ኩላሊቱ የታመመ ውሻ፦ አመጋገቡና አያያዙ



ባለፈው እሑድ ከፕሮግራሙ በኋላ ሻይ ስንጠጣ አንዲት አዲስ የመጣች እህት «እኔ እኮ ለቤት ሥራ ብዬ ነበር የመጣሁት፣ የበሽተኛ ውሻ አስታማሚ ሆኜ ቀረሁ» ብላ ሁላችንንም አሳቀችን። ሳቁ ሲያልቅ ግን ዓይኗ እንባ አቅርሮ አየሁት። ውሻው ልቡም ኩላሊቱም ታሟል። አምስት ዓይነት መድኃኒት አለው። አሠሪዋ ደግሞ «አንድ ነገር ቢሆን ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ» ብላታለች። ልጅቷ በሕይወቷ ውሻ አስታማ አታውቅም። የመድኃኒቱ ወረቀት የተጻፈው በፈረንሳይኛ ነው። ታዲያ ማንን ትጠይቅ? ይህን ትምህርት የጻፍኩት ለእሷና እሷን ለመሰላችሁ ሁሉ ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ቤይሩት የመጣሁ የቤት ሠራተኛ ነኝ። በምሠራበት ቤት ላኪ የሚባል የ13 ዓመት ፑድል ውሻ አለ። (ላኪ በእንግሊዝኛ ዕድለኛ ማለት ነው አሉ። በእኛ ቋንቋ ከሆነ ግን ላኪዋ እኔ ነኝ፣ ያውም በየወሩ!) ልቡም ኩላሊቱም ከታመመ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ የሚበላው ከእኔ እጅ ነው። እዚህ የምጽፈው የእንስሳት ሐኪሙን እየጠየቅሁ የተማርኩትንና ራሴ አጥፍቼ ያወቅሁትን ነው። እናንተ ዘንድ ያለው ውሻ የራሱ ሐኪም አለውና የእሱ ትእዛዝ ከእኔ ጽሑፍ ይቀድማል።

ከውሻው በፊት ስለ እኛ

እውነቱን እንነጋገር። በአገራችን ውሻ የግቢ ዘበኛ ነው። ፍርፋሪ ይጣልለታል፣ አጥንት ይግጣል፣ ሌሊት ይጮኻል፣ በቃ። የእብድ ውሻ በሽታ ስለምንፈራም ልጆችን «እንዳትነኩት» እያልን ነው የምናሳድገው። እዚህ ስንመጣ ግን ውሻው ሶፋ ላይ ይተኛል፣ የደም ምርመራ ይደረግለታል፣ ልቡ በራጅ ይታያል።

እኔም በመጀመሪያው ዓመት ውስጤ ይቃጠል ነበር። እናቴ ደም ግፊት አለባት። ክኒኗ አልቆ እኔ ብር እስክልክ የምትጠብቅበት ጊዜ ነበር። የውሻው መድኃኒት ግን አንድ ቀን እንኳ አይጓደልም። ይህን እያሰብኩ ክኒኑን ስሰጠው እጄ ሻካራ ነበር። ቆይቶ ግን አንድ ነገር ገባኝ፤ የእናቴን ክኒን የወሰደባት ይህ ውሻ አይደለም። እሱ የሚያውቀው ሲያመው ወደ እኔ መምጣት ብቻ ነው። ንዴቴን በእሱ ላይ ብወጣው እሱም ይጎዳል፣ እኔም እንጀራዬን አጣለሁ፣ እናቴም ምንም አታገኝም። ከዚያ ወዲህ ሥራውን እንደ ትምህርት ያዝኩት። ለእናንተም የምመክረው ይህንኑ ነው።

1ኛ/ ልብና ኩላሊት ምን አገናኛቸው?

የውሻ ልብ እንደ እኛው አራት ክፍል አለው። በክፍሎቹ መካከል ደም ወደ ፊት ብቻ እንዲሄድ የሚያደርጉ በሮች አሉ። እንደ ፑድልና ቺዋዋ ባሉ ትናንሽ ውሾች ዕድሜ ሲገፋ በግራ በኩል ያለው በር (ሚትራል ቫልቭ ይሉታል) እየወፈረና እየተጣመመ የሚሄድበት ጊዜ ብዙ ነው። ያኔ ገጥሞ አይዘጋም። ልብ ደም በገፋ ቁጥር ጥቂቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። በሽታው ሲበረታ ልብ እየተለጠጠ ይሄዳል፣ ሳንባም ውስጥ ውሃ ይቋጥራል። ውሻው ትንፋሽ የሚያጥረው ለዚህ ነው።

ኩላሊት ደግሞ የደም ማጣሪያ ነው። ቆሻሻውን በሽንት ያስወጣል፣ የሚያስፈልገውን ውሃ ለሰውነት ያስቀራል። በውስጡ እጅግ ብዙ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ፤ አንዴ የሞተው ተመልሶ አይበቅልም። ክፋቱ ደግሞ ምልክቱ ዘግይቶ ነው የሚታየው። ከማጣሪያዎቹ ከሦስት እጅ ሁለቱ ያህል እስኪጠፉ ድረስ ውሻው ደህና ሊመስል ይችላል። ከዚያ በኋላ ብዙ ውሃ ይጠጣል፣ ብዙ ይሸናል፣ ይከሳል፣ ምግብ ያስጠላዋል፣ ያስመልሰዋል፣ የአፉም ጠረን ይለወጣል።

እንግዲህ ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። ልቡ ሲታመም ሳንባው ውሃ እንዳይቋጥር ሐኪሙ ብዙ የሚያሸና ክኒን ያዛል። ኩላሊት ግን በቂ ውሃና ደም ካላገኘ ይብሱን ይጎዳል። ለኩላሊቱ ብለን በመርፌ ፈሳሽ ቢበዛለት ደግሞ ልቡ አይችለውም፣ ሳንባው ውሃ ይሞላል። ለአንዱ የሚበጀው ሌላውን ይጎዳል ማለት ነው። እኔ የገባኝ እንዲህ ብዬ ሳስበው ነው፦ ሁለት ልጆች በአንዲት አጭር ብርድ ልብስ ተኝተዋል፤ ወደ አንዱ በጣም ከሳባችሁት ሌላው ይገለጣል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ደንብ ይህ ነው። ክኒን መጨመር፣ መቀነስና ማቋረጥ የሐኪም ሥራ ነው። የእኛ ሥራ በሰዓቱ መስጠት፣ ማየት፣ መቁጠርና መጻፍ ነው። ሐኪሙ ብርድ ልብሱን ወዴት እንደሚስብ የሚያውቀው በደም ምርመራውና በእኛ ዓይን ነው። ውሻውን ቀንና ሌሊት የሚያየው ሐኪሙም ማዳምም አይደሉም፤ እኛ ነን።

2ኛ/ ምግቡ

ኩላሊቱ ለታመመ ውሻ ተብሎ የተዘጋጀ ምግብ አለ፤ ደረቅም በቆርቆሮ የታሸገ እርጥብም አለ። በዚህ ምግብ ውስጥ ፎስፈረስ የሚባለው ማዕድን ተቀንሷል፤ ምክንያቱም የታመመ ኩላሊት ፎስፈረስን ማስወጣት ያቅተዋል፣ በደም ውስጥ ሲጠራቀም ደግሞ ኩላሊቱን ይብስ ይጎዳዋል። ፕሮቲኑ መጠነኛ ሆኖ ጥራት ያለው ነው። ጨዉ ትንሽ ነው፤ ይህ ለልቡም ይበጃል። ሐኪሙ ይህን ምግብ ካዘዘ እንዲህ አድርጉ፦

ሀ. በአንድ ቀን አትለውጡት። ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ከድሮው ምግብ እየቀነሳችሁ፣ አዲሱን እየጨመራችሁ አለማምዱት። ውሻው እያስመለሰው ባለበት ቀን አዲስ ምግብ አትጀምሩ፤ ሕመሙን ከምግቡ ጋር ያያይዘውና ሁልጊዜ ይጠላዋል።

ለ. ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ስጡት። አንድ ትልቅ ሳህን ከሚቀርብለት በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ቢበላ ይሻለዋል። ከፍሪጅ የወጣውን ምግብ ለብ አድርጉት፤ ሽታው ሲነሣ ፍላጎቱ ይከፈታል። እንዳያቃጥለው ግን በጣታችሁ ሞክሩት።

ሐ. በልኬት ስጡ። እኔ አንዲት የቡና ስኒ መድቤለታለሁ። «ዛሬ ጥሩ በላ» ከማለት «ከሦስት ስኒ ሁለቱን በላ» ማለት ለሐኪሙ ይጠቅመዋል።

መ. እንዳይራብ ተጠንቀቁ። አንዳንዷ «ሥጋ ተከልክሏል» ብላ ውሻው ባዶ ሆዱን ሲያድር ዝም ትላለች። የኩላሊት ምግቡን እምቢ ብሎ ምንም ካልበላ ሰውነቱ ይጠወልጋል፣ ልቡም ይደክማል። አንድ ቀን ሙሉ ካልበላ ለሐኪሙ ይነገር። የእኛ ሐኪም ለእንዲህ ያለው ቀን ጨው የሌለው ነጭ ሩዝ፣ የእንቁላል ነጭና ትንሽ የተቀቀለ ዶሮ ፈቅዶልኛል። ይህ ግን ለአንድና ለሁለት ቀን ነው። ዘወትር በቤት የሚሠራ ምግብ ከሆነ ሐኪሙ ራሱ በልክ ጽፎ መስጠት አለበት፣ አለዚያ የሚጎድለው ነገር ይበዛል።

የማይሰጡትን ደግሞ ቁረጡና ፍሪጅ ላይ ለጥፉት፦

• ጨው ያለበት፦ ሃሉሚና ሌላው አይብ፣ ሞርታዴላ፣ ከቢስ፣ ወይራ፣ ማጊ የገባበት ሾርባ፣ ቺፕስ።
• ፎስፈረስ የበዛበት፦ አጥንት፣ ጉበት፣ ኩላሊት፣ የእንቁላል አስኳል፣ አይብ።
• ለማንኛውም ውሻ መርዝ የሆነ፦ ወይን፣ ዘቢብ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቸኮሌት፣ ስኳር የሌለው ማስቲካ። ወይንና ዘቢብ ጤነኛ ውሻን እንኳ ኩላሊቱን ሊገድሉት ይችላሉ። በኪቤ፣ በካፍታና በታቡሌ ውስጥ ሽንኩርት አለ፤ ዘቢብ የተነሰነሰበት ሩዝም አለ። ከገበታ የተረፈውን «ጉዳት የለውም» ብላችሁ አትስጡ።

3ኛ/ ውሃው፣ ያጠፋሁት ጥፋት

ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን እናንተ እንዳትደግሙት ልንገራችሁ።

ላኪ የሚያሸናውን ክኒን የጀመረ ሰሞን ሌሊት ሌሊት ምንጣፉን ያበላሽ ነበር። ማዳም በየጠዋቱ ትቆጣለች። አጣቢዋም ተቆጪዋም እኔ ነኝ። አንድ ማታ «ካልጠጣ አይሸናም» ብዬ የውሃ ሳህኑን አነሣሁበት። ምንጣፉ ደርቆ አደረ። ደስ አለኝ፣ ሳምንት ሙሉ እንዲሁ አደረግሁ። ከዚያ ምግብ ተወ። አስመለሰው። ቆሞ መሄድ አቃተው። ሐኪም ቤት ስንወስደው በደሙ ውስጥ ክሪያቲኒን የሚባለው ቆሻሻ በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ። ክኒኑ ውሃውን ያስወጣል፣ እኔ ደግሞ እንዳይተካ ከልክዬዋለሁ! ኩላሊቱ ደርቆ ነበር። ልቡ እንዳይጨናነቅ በጣም በዝግታ ፈሳሽ እየተሰጠው ሦስት ቀን እዚያው ተኛ።

ሐኪሙ «የተለወጠ ነገር አለ?» ብሎ ሲጠይቅ እግሬ ተንቀጠቀጠ። ግን ተናገርኩ። ማዳም ከደመወዝሽ እቆርጣለሁ ብላ ጮኸች፤ በኋላ ተወችው። ሐኪሙ ግን «ባትናገሪ ኖሮ በሽታው የባሰ መስሎኝ መድኃኒቱን እለውጥ ነበር» አለኝ። እውነቱን በመናገሬ ውሻው ተረፈ።

ስለዚህ እህቶች፣ ንጹሕ ውሃ ቀንም ሌሊትም አይነሣ። ብዙ መሽናቱ ጥፋት አይደለም፣ በሽታውና ክኒኑ ናቸው። በሽንቱ ምክንያት አይመታ፣ አይጮኽበት። መፍትሔው ከመተኛታችሁ በፊት ማስወጣት፣ በረንዳ ላይ ጋዜጣ ወይም የሚመጥ ጨርቅ ማንጠፍ፣ ምንጣፉን መጠቅለል ነው። ማዳምንም «ክኒኑን ስለሚወስድ ነው» ብላችሁ አስረዱ። ጠዋት ውሃውን ስትሞሉ በመለኪያ ሙሉ፤ ማታ የቀረውን ስትለኩ ስንት እንደጠጣ ታውቃላችሁ።

4ኛ/ መድኃኒቱና ሰዓቱ

በእኛ ዘንድ ከሁሉ የሚበዛው ስሕተት የሰዓት ነው። ወረቀቱ ላይ 8 ተብሎ ሲጻፍ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ነው። አንዲት የማውቃት ልጅ የጠዋቱን ክኒን በእኛው ስምንት ሰዓት፣ ከቀትር በኋላ ስትሰጥ ከርማለች። እንዲህ አድርጉ፦ በየብልቃጡ ላይ ፕላስተር ለጥፋችሁ በአማርኛ ስሙን፣ ለምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነና በሁለቱም አቆጣጠር ሰዓቱን ጻፉ። ለምሳሌ «ለልብ፣ ግማሽ፣ ጠዋት 2 እና ማታ 2 ሰዓት፣ በእነሱ 8 እና 20»።

ሁለተኛው ከምግብ ጋር ያለው ነገር ነው። ልብን የሚያግዘው ፒሞቤንዳን የሚባለው ብዙ ጊዜ ምግብ ከመብላቱ አንድ ሰዓት ገደማ በፊት ነው የሚታዘዘው። ፎስፈረስን የሚይዘው ዱቄት ደግሞ ከምግቡ ጋር ካልተደባለቀ ጥቅም የለውም፤ ሥራው ምግቡ ውስጥ ያለውን ፎስፈረስ ሆድ ውስጥ መያዝ ነውና። ስለ እያንዳንዱ መድኃኒት «ከምግብ በፊት ነው ወይስ ከምግብ ጋር?» ብላችሁ ጠይቁ።

ክኒን በአይብ ወይም በሞርታዴላ ጠቅልሎ መስጠት እዚህ የተለመደ ነው፤ በቀን አራት ጊዜ ጨው ማጉረስ መሆኑ ግን አይታሰብም። የራሱን እርጥብ ምግብ ትንሽ አድበልብላችሁ በውስጡ ክተቱት። ከጉንጩ እንዳይተፋው አፉን እዩ። አንድ ጊዜ ከረሳችሁ በሚቀጥለው ሁለት አትስጡ፤ ደውላችሁ ጠይቁ።

የሰው መድኃኒት በጭራሽ አይሰጥ። ፓናዶልም ሆነ አይቡፕሮፌን ለውሻ አደገኛ ነው፤ አይቡፕሮፌን በተለይ ኩላሊቱን ይመታል። ወድቆ የተገኘ ክኒን እንዳይልስ ቦርሳችሁን ወለል ላይ አታስቀምጡ።

5ኛ/ ትንፋሽ መቁጠር

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ዋጋ አይጠይቅም፣ የሚያስፈልገው ሰዓት ብቻ ነው።

ውሻው ጭልጥ አድርጎ ሲተኛ ደረቱን እዩ። ደረቱ ወጥቶ ሲገባ አንድ ብላችሁ ቁጠሩ። አንድ ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። አሁን ሮጦ የመጣ፣ የሞቀው ወይም ሕልም እያየ የሚንፈራገጥ ከሆነ አይቆጠርም። ተኝቶ በደቂቃ ከ30 በታች ከሆነ ደህና ነው። ከ30 በላይ ከሆነ ከሩብ ሰዓት በኋላ ድገሙት፤ አሁንም ከ30 በላይ ከሆነ ለሐኪሙ ደውሉ። የልብ ሕመሙ ሲባባስ ከሳሉ በፊት ይህ ቁጥር ከፍ ማለት የሚጀምርበት ጊዜ ብዙ ነው። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባል የለ!

የሚከተሉት ከታዩ ግን ቁጥር አትጠብቁ፣ ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሱ፦ አንገቱን ዘርግቶ ክርኖቹን ከፍቶ መተንፈስ፣ መተኛት እምቢ ብሎ ተቀምጦ ማደር፣ ድዱ ነጭ ወይም ሰማያዊ መምሰል፣ ራሱን ስቶ መውደቅ፣ ደጋግሞ ማስመለስ፣ ጭራሽ አለመሽናት።

6ኛ/ ደብተሩ

አንድ ተራ ደብተር ግዙ። በየቀኑ አንድ መስመር ይበቃል። የእኔ ይህን ይመስላል፦

«ማክሰኞ። ትንፋሽ 22። ምግብ ከሦስት ስኒ ሁለት ተኩል። ውሃ ደህና። ክኒን ሁሉም ተሰጠ። አላስመለሰም። ሳል ሁለት ጊዜ።»

እሑድ እሑድ ደግሞ ክብደት። ውሻውን አቅፌ ሚዛን ላይ እወጣለሁ፣ ከዚያ ብቻዬን እወጣለሁ፣ ልዩነቱ የእሱ ነው። ሁልጊዜ በአንዱ ሚዛን፣ ከምግብ በፊት። በጥቂት ቀን ውስጥ ክብደቱ ከጨመረ ውሃ እየቋጠረ ሊሆን ይችላል፤ በየሳምንቱ ከቀነሰ እየጠወለገ ነው።

ይህ ደብተር የውሻው ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእናንተም ነው። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ባለፈው በጋ ማዳምና ሚስተር ወደ ፈረንሳይ ሄዱ። ቤቱ ለእኔ፣ ለውሻውና ለቴታ፣ ለሚስተር እናት፣ ተተወ። ቴታ ደግ ሴት ናቸው፣ እኔንም «ቢንቲ» ነው የሚሉኝ። ግን ቁርስ ላይ ላኪን ሃሉሚ ያጎርሱታል። አንድ ቀን «ቴታ፣ ጨው አለው» አልኳቸው። «እኔ ሰማንያ ዓመት በልቼዋለሁ» አሉና ሳቁ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ምን ልበል? ዝም አልኩ፤ ደብተሬ ላይ ግን «ሃሉሚ በላ» ብዬ ጻፍኩ።

በአምስተኛው ሌሊት ስቆጥረው 38 ሆነ። ከሩብ ሰዓት በኋላ 42። ተቀምጦ ነው የሚተነፍሰው። ማዳም ስልክ አታነሣም። «ያለ ፈቃድ ታክሲ ብጠራ ምን ትለኝ ይሆን? ዝም ብዬ ቢሞትስ?» ብዬ ተጨነቅሁ። ደረቱን በስልኬ ቀርጬ ለሐኪሙ በዋትሳፕ ላክሁት፣ ደወልኩም። «አሁኑኑ አምጪው» አለ። ቴታን ቀሰቀስኳቸው፣ ታክሲ ጠሩልኝ። ኦክስጅን ሰጡት፣ መርፌ ወጉት። ሐኪሙ «ትናንት ስንት ነበር? ከትናንት በስቲያስ?» ሲለኝ ደብተሩን ከፈትኩ። 22፣ 23፣ 26፣ 31፣ 42። ቁጥሩን በዐረብኛ እያነበብኩለት እሱ ጻፈ። ሃሉሚውንም ነገርኩት።

ማዳም ስትመለስ የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ምን አበላሽው?» ነበር። መልሱን ደብተሩ ሰጠ። የእያንዳንዱ ቀን ምግብ፣ ክኒንና ሰዓት ተጽፏል። እሷም ለመጀመሪያ ጊዜ አጠገቤ ቁጭ ብላ ገጹን እያገላበጠች «ይሄ ምን ይላል?» እያለች ጠየቀችኝ።

ከዚህ የተማርኩት፦ 31 ባየሁ ሌሊት መደወል ነበረብኝ፣ አንድ ቀን አሳልፌያለሁ። ሌላው ደግሞ እኛ ትልቅ ሰው መከልከል ሲከብደን ሐኪሙ ይከልክልልን። እኔ አሁን ሐኪሙን ለምኜ የማይሰጠውን ምግብ በእጁ በዐረብኛ ጽፎልኛል፤ ፍሪጅ ላይ ተለጥፏል። ቴታም ያንን አንብበው «ዶክተሩ ካለማ» ብለው ተዉ።

7ኛ/ ራሳችሁንም ጠብቁ

ሽንቱንና ትውከቱን ስታጸዱ ጓንት አድርጉ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሌፕቶስፓይራ የሚባል ተሕዋስ በውሻ ሽንት ወደ ሰው ሊተላለፍና ኩላሊት ሊያሳምም ይችላል፤ ውሻው መከተቡን ጠይቁ። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ። ከነከሳችሁ ቁስሉን ሩብ ሰዓት ያህል በውሃና በሳሙና እጠቡ፣ «ትንሽ ነው» ብላችሁ አትደብቁ፤ ሐኪም ይየው።

በበጋ የቤይሩት ሙቀትና ወበቅ ለታመመ ልብ ከባድ ነው። ማልዳችሁ ወይም ከመሸ በኋላ አውጡት። የእጃችሁን ጀርባ አስፋልቱ ላይ ለሰባት ሴኮንድ ያህል ማቆየት ካልቻላችሁ የእሱም እግር አይችልም። ገመዱ በአንገቱ ሳይሆን በደረቱ ይታሰር። ሲቆም ቁሙ፣ አትጎትቱት። መብራት ሲጠፋ ወለሉ ቀዝቃዛ ሴራሚክ በሆነበት ክፍል አስተኙት።

8ኛ/ ለስልክ የሚሆኑ ቃላት

ስትደነግጡ ዐረብኛው ይጠፋባችኋል። እነዚህን በደብተራችሁ ሽፋን ላይ ጻፉ፦

ከልብ = ውሻ
አልብ = ልብ
ኪልዌ = ኩላሊት
ደዋ = መድኃኒት
ባላ ሜልህ = ያለ ጨው
ማ አም ያኩል = እየበላ አይደለም
አም ይትነፈስ ቢሰርዓ = ቶሎ ቶሎ እየተነፈሰ ነው
ኢስተፍረግ = አስመለሰ

በመጨረሻ

ልብና ኩላሊቱ የታመመ ውሻ አይድንም። ይህን ሐኪሙም ደብቆ አላለኝም። የምናደርገው ሁሉ የቀረችው ዕድሜ ያለ ስቃይ እንድታልፍለት ነው። አንድ ጠዋት ላኪ እንደማይነሣ አውቃለሁ። ያን ቀን ማዳም ታለቅሳለች፣ ምናልባት ትቆጣም ይሆናል። እኔም አለቅሳለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ። ግን «ምን አጎደልሽበት?» የሚለኝ ቢመጣ የምከፍተው ደብተር አለኝ፣ ራሴም ሌሊት ስተኛ የሚወቅሰኝ ነገር አይኖርም።

ያቺ አዲስ እህታችንም ትስማ፤ «ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ» የተባለችው ውሻው እንዳይሞት ማድረግ ስለምትችል አይደለም፤ ያንን ማንም አይችልም። የምትችይው በሰዓቱ መስጠት፣ መቁጠር፣ መጻፍና ሳትፈሪ መናገር ነው። እሱን አድርጊ። በዐረብኛ «ከልብ» ውሻ ማለት ነው፤ በእኛው ቋንቋ ግን ምን ማለት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ሥራውን እንደዚያ ያዢው።

ለውይይት (እሑድ በየቡድናችን እንነጋገርበት)

1. ለልብ የሚሰጠው የሚያሸና ክኒን ኩላሊትን እንዴት ሊጎዳ ይችላል? ውሃ ብንከለክለውስ ምን ይሆናል?
2. የተኛ ውሻ ትንፋሽ በደቂቃ ከስንት በላይ ሲሆን ነው የምንደውለው? ከመደወላችን በፊት ምን እናደርጋለን?
3. የቤቱ ትልቅ ሰው የማይገባ ምግብ ሲሰጡት ብታዩ በአክብሮት ምን ታደርጋላችሁ?
4. ወረቀቱ ላይ 20 ሰዓት ከተባለ በእኛ ስንት ሰዓት ነው?
5. እናንተ አጥፍታችሁ የተማራችሁት ነገር ካለ ሳትፈሩ ለእህቶች ንገሩ።